ጥርስ ባዳ ነው

ከአወይቱ ማዶ፣ ቦይ ሲቆፈር የተገኘ፣
በክብሪት ቀፎ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ የተኛ፣
አንድ መንጋጋ።
ቀፎው ላይ በእስክሪብቶ፦ «ወንድ። ጦረኛ።»
ከጎኑ የጦር ጫፍ ነበራ፤
ማን ይከራከራል ከብረት ጋራ!

ባለመሬቱ አባ ቡልጉ ሁለቴ ደወሉልኝ፤
«አያቴ ሲያወሱት የኖሩት ጀግና ነው፣
አንቺ ብቻ አረጋግጪልኝ።»
ሐውልት ሊያቆሙለት ሲሚንቶ ገዝተዋል።
ስሙንም መርጠዋል።

እኔ ረውዳ፣ ጥርሴን የነቀልኩት እዚህ ቤት ነው፣
በአሲድ ሽታና በጓንት ዱቄት መሐል።
ሥጋ ቶሎ ይከዳል፤ አጥንትም በጅማ ዝናብ ይሟሟል፤
ይህ ነጭ ልባጥ ግን፣ ከአካል ሁሉ የጠጠረው፣
በጨቅላነቱ የተሠራበትን ፕሮቲን
እንደ አደራ ቋጥሮ ይቆያል።

አጠብኩት። አሲዱን ጠብ አድርጌ
ገጹን ብቻ አስላስኩት፤
ሁለት ደቂቃ፤ ከዚያ በላይ ድፍረት ነው።
የወጣው ፈሳሽ ከእንባ ያንሳል።
ማሽኑ ሊቆጥረው ሲል
መብራት ሄደ።

ተማም ጀነሬተሩን ሊቀሰቅስ ወረደ።
በጨለማው ምላሴ የራሴን መንጋጋ ዳሰሰ።
ሰባት ዓመቴ ላይ፣ አሞራ ይውሰዳት ብዬ
ሂርማታ ጣራችን ላይ የወረወርኳት የወተት ጥርስ፣
ዛሬም አሸንዳው ውስጥ ትሆን?
የሚያገኛት ሰው ቀፎው ላይ ምን ብሎ ይጽፍ ይሆን?

መብራት መጣ። መስመሩ ተነሣ፤
ሁሉም ሰው የሚሸከመው ኤክስ እንደ ጅሬን ኮረብታ ቆመ፤
ወንድ ብቻ የሚያወጣው ዋይ፣ በእሱ ስፍራ ሜዳ፣
እንደ ቦዬ ውሃ የተኛ ሜዳ።
ደገምኩት። ሜዳ።
ሦስተኛ። ሜዳ።

«ሴት» ብዬ ልጽፍ እጄ ቆመ።
ዝምታ ማስረጃ አይደለም፤ የዋይ ድምፅ ቀጭን ነው፣
አፈር ሊውጠው ይችላል።
ግን ኤክሱ ይህን ያህል እየጮኸ፣ እሱ እንዴት ጭራሽ ይጠፋል?
ጻፍኩ፦ «ሴት። ሳትሆን አትቀርም።»

አባ ቡልጉ ስልኩ ላይ ረጅም ዝም አሉ።
«ጦሩስ? ጦሩ የማን ነው?» አሉ።
ጦር ጥርስ የለውም አባ፣ አልኳቸው፣ አልመረምረውም።
ተነፈሱ። «እንግዲህ ሲሚንቶው ሳይጋገር…
ስሟን ማን እንበላት?»

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ ልብ እያረረ ይስቃል ብለው።
ይህኛው አልሳቀም፤ ያየውን ተናገረ፣
ስም ግን አላወጣም።

ቀፎውን ከመመለሴ በፊት እስክሪብቶ አነሣሁ፤
«ወንድ» የሚለውን ሰረዝኩ።
«ጦረኛ» የሚለውን ተውኩት።