ሐረጎን የወጣች ማሽን

"ጦይባ" አለኝ ጋሽ ይርዳው፣ ቁልፉን እያዞረ፣
"የሦስት ወርሽ ደመወዝ እኔ ዘንድ ቀረ።
ብር የለኝም። ማሽኗን ውሰጃት።
አሥራ አንድ ዓመት ያወቅሻት አንቺ ነሽ፣ ቻያት።"

ምን ይባላል? ያን ሁሉ ማኪያቶ ያፈሰሰች፣
ባለ አንድ አፍ፣ ባለ ማንሻ፣ ጎኗ የተጫረች፣
ከባንኮኒው ስትነሣ ቅርጿ ግድግዳው ላይ ቀረ፣
ጭስ ያልነካው፣ ቀለሙ እንደ አዲስ የነበረ።

ባጃጅ አልቻላትም፤ ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ጫንኳት፣
በሽንኩርት ጆንያ መሀል፣ በብርድ ልብስ ጠቀለልኳት።
ሐረጎ ላይ ስንጠማዘዝ፣ ስንጠማዘዝ፣ ስንወጣ፣
ሾፌሩ "ምንድን ናት?" ቢለኝ "ደመወዜ" አልኩት፤ ሳቁ ሳል ይዞ መጣ።

ደሴ፣ ሆጤ፣ የኪራይ ክፍል፤ አንዲት ሶኬት፣ አንዲት መስኮት።
አከራዬ እማማ ሥንዱ ቆጣሪው ሲሮጥ ቆመው አዩት።
"ይህቺ ሴትዮ የስንት ሰው ትበላለች?" ብለው ገሠጹኝ፤
የመብራቱን ግማሽ እከፍላለሁ ብዬ ማልኩ፤ ለቀቁኝ።

የመጀመሪያው ቀን ውሃው እንደ አሮጌ ዕዳ ከየጥጉ ፈሰሰ፣
ጎሚኒው ደርቆ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ እጄ፣ ቀሚሴ ራሰ።
ይማም ቶርኖ ከካላማዳሪ ክብ ቆረጠልኝ፣ በዓይኑ ለክቶ፤
የዚያን ቀን ቡና አይሱዙ አይሱዙ አለኝ፣ ጠረኑ አፌ ገብቶ።
ሁለተኛውን ከምን እንደቆረጠው አልነገረኝም፤ ብቻ ያዘ።
"አትጠይቂ፣ ጠጪ" አለኝ። ዋጋውንም በሁለት ስኒ ያዘ።

ቡናው ግን ጎመዘዘ። ኮምቦልቻን የለመደ እጄ
ደሴ ላይ እንግዳ ሆነ፤ በራሴ ቤት፣ በገዛ ደጄ።
የጦሳ ብርድ ነው፤ ማታ ወርዶ ብረቱ ውስጥ ያድራል፣
ውሃው ገና ከአፏ ሳይወጣ ግማሽ ሙቀቱን ይበደራል።

እናም እንደገና ተማርኩ፦
ባዶውን እጀታ ሦስቴ በፈላ ውሃ ማጠብ፣
ስኒውን አናቷ ላይ መድፋት፣ እስኪሞቅ ሌላ ሌላ ማሰብ፤
መፍጫውን ከኮምቦልቻው በአንድ ጥርስ ማጥበቅ፣
ዱቄት ሳይሆን፣ ጣት ላይ እንደ ጥሩ አሸዋ እስኪደቅ፤
ሲጠቀጥቁ በክርን ሳይሆን በትከሻ፣ ቀጥ ብሎ፤
ያዘመመ ቡና ውሃውን በአንድ ጎን ያሳልፋል፣ አታሎ።
ማንሻውን ወደ ታች። እስከ ሰባት መቁጠር። መልቀቅ።
ቀጭን እንደ ፈትል ካልወረደ፣ ደፍቶ ዳግም መጨነቅ።
ወተት ከጮኸ ተቃጥሏል፤ ሹክ ሲል ነው ልኩ፤
ይህን ለሰባት ልጅ አስተምሬ፣ ሁለቱ ከዱባይ ምስጋና ላኩ።

ዝቃጩን እማማ ሥንዱ ጌሾ ሥር ደፋሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ።
"ጌሾው እንቅልፍ አጣ" ብለው በጠዋት ቀሰቀሱኝ።

ሃያኛው፣ ማክሰኞ፣ መብራት ሊሄድ ሲንቀጠቀጥ፣
ወረደ። ዝም ብሎ ወረደ። ሳይበጠስ፣ ሳይሮጥ።
ክሬማው የሐረጎን አፈር መሰለ፣ ዝናብ ሲነካው፤
ስኳር ብጥልበት ቆመ፤ እስከ አራት ቆጥሬ ነው የዋጠው።

ሳላስበው ማንኪያውን አስተካከልኩ፣ በስኒው ቀኝ፣
እጄ ወደ ፊት ተዘረጋ። "የማን ነው?" አልኩ። ማንም አልመለሰልኝ።
ባንኮኒ የለም። ከባንኮኒው ማዶ ግድግዳ፤
ካለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ በቀር የለም እንግዳ።

አሥራ አንድ ዓመት፣ በቀን ሁለት መቶ፣ እየሞላሁ ሰጠሁ፤
አንዱን ግን፣ ቁጭ ብዬ፣ በትኩሱ፣ መቼ ጠጣሁ?
ቆሜ፣ የተረፈውን፣ የቀዘቀዘውን፣ ሰው ሳያየኝ፣
አንድ ጉንጭ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ጋሽ ይርዳው እንዳይቆጣኝ።

ወንበር ሳብኩ።
መብራቱ ሄደ። ይሂድ። ማሽኗ እየበረደች ቀጭ ቀጭ ትላለች፣
ብረት ሲቀዘቅዝ የሚያወራውን ታወራለች።
መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ የመሰለ ነገር፣
መጨረሻ ላይ... ለካ ደንበኞቼን ዓይን ያስከደናቸው ይሄ ነበር።

ጋሽ ይርዳው፣ የአንዱን ወር ተቀበልኩ፣ እፈርማለሁ፤
ሁለቱ ይቀርሃል፤ አልማርኩህም፤ እጠይቅሃለሁ።
ነገ ግን ይማም ይመጣል፣ ሁለት ስኒውን ሊቀበል፤
እማማ ሥንዱ ሳይተኙ ወንበር ልለምን፤ ቆሞ አይጠጣ ያ ባለ ውለታ፣
ይበቃል።