ቀለም ቆጣሪዋ

ከሉዊዚያና ፍርድ ቤት፣ ከምድር ቤቱ ወርዳ፣
ሻጋታ በሚሸት የመዛግብት ጓዳ፣
ጠበቃ ኦዴልያ፣ ተምራ ስታበቃ፣
ቀለም ትቆጥራለች እንደ ልጅ ተጨንቃ።
አራት መቶ መዝገብ፤ አንድ ዓይነት ጥፋቶች፣
ሁለት ዓይነት ዓመቶች።
«ፍርደ ገምድል!» ብላ አልጮኸችም፤ ደመረች።

አንድ ባትሪ ነበር፣ የአሮጌ መኪና፤
ጥቁሩ ክሎቪስ በግራ፣ ነጩ ኬድ በቀኝ ያዘና፣
እኩል ተሸክመው፣ እኩል ላብ አልቧቸው፣
በአንድ ካቴና ነው ፖሊስ ያሰራቸው።
ዳኛው ግን ለያቸው።
ለኬድ፦ «ልጅ ነው፣ ይማር፤ ስድስት ወር በገደብ።»
ለክሎቪስ፦ «ሃያ ዓመት። ቀጥል፣ ሌላ መዝገብ።»

ችሎቱ ፊት ቆማ ጠየቀች በቀኑ፦
«ባትሪው፣ ክቡር ዳኛ፣ በየትኛው ጎኑ
ሃያ ዓመት ከበደ?»

ዳኛው ሰዓት አይቶ እንዲህ ሲል መለሰ፦
«በቀለም የሰፈረ ፍርድ መቼ ፈረሰ?»

«ይመዝገብልኝ» አለች፣ «ይኸው የዳኛው ቃል፤
እኔም ያልኩት ይህን ነው፤ ለይግባኝ ይበቃል።»

ከኋላዋ ክሎቪስ በጣት ይቆጥራል፤
እሱ እስኪፈታ ድረስ ልጁ አባቱን ያህላል።