ርክክብ

ያስና፣ ይኸው ቁልፉ፤ ይኸው የመርፌው ቦርሳ፤
ሠላሳ አንድ ስም አለ፣ አንዱም እንዳይረሳ።
እኔ ከነገ ወዲያ ጡረተኛ ነኝ፣ ጉልበቴ ደረጃ ጠልቷል፤
የቫልፓራይሶ ኮረብታ ግን ጡረታ መቼ ያውቃል።

ፋይሉ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ሙሉ ነው፤
የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ ምን እንደጎደለው።

ዶን ባውዲሊዮን ውሰጂ።
"ስኪዞፍሬኒያ። ዕድሜ ሃምሳ ስምንት። የሚኖረው ለብቻ።
በየሃያ ስምንት ቀኑ አንድ መርፌ።" ወረቀቱ ይህን ብቻ።

ወረቀት አይነግርሽም፤ ደወሉን አትንኪው፤
ደወል ሲሰማ መርከብ ሊሰጥም ነው ብሎ፣ አልጋ ሥር ነው የምታገኚው።
በሩን በጥፍርሽ ጫሪ፣
እንደ ድመት፤ ቀጥሎ ስምሽን ተናገሪ፤
ከዚያ ጠብቂ። ቢዘገይም፣ ቁልፍ አለኝ ብለሽ አትድፈሪ።

መጀመሪያ ስለ ነፋሱ ጠይቂው፣ ስለ ባሕሩ ቁጣ፤
የድምፆቹ ነገር በራሱ ጊዜ ይምጣ።
"ዛሬ ይሳደባሉ" ካለሽ ተቀመጪ፣ የተለመደ ነው፤
"ዛሬ ጨዋ ሆነዋል" ካለ ግን፣ ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው።
ጨዋ ሲሆኑ ያዝዙታል። ለሐኪሙ ደውዪ፤
እስኪመልስልሽ ድረስ ከዚያ ቤት እንዳትለዪ።

እኅቱ ፊሎሜና ኪልፑዌ ናት፤ የምትደውለው ለገና ብቻ።
አትፍረጂባት። እኛ ሳንኖር
አሥራ ስድስት ዓመት የተሸከመችው እሷው ነች።

አንድ ክረምት ክሩ ተበጠሰ።
ሐሙስ ቀን ከሆስፒታል ወጣ፤ ማኅተም ተመታ፣ ቀጠሮው ተጻፈ፤
ወረቀቱ ወደ እኛ ሲመጣ መንገድ ላይ አረፈ።
ሆስፒታሉ፣ "ለጤና ጣቢያ ልከናል" አለ፤
ጤና ጣቢያው፣ "ከሆስፒታል የደረሰን የለም" አለ፤
ሁለቱም አልዋሹም።
በሁለት እውነት መሃል፣ ሰባ ሦስት ቀን
አንድ ሰው ጠፋብን።
ወደቡ ጋ አገኘሁት፣ ከኮንቴይነር ጀርባ፣ ባንድ እግር ጫማ፤
ጢሙ ላይ ጨው ደርቋል፤ ከንፈሩ ይላወሳል፣ ድምፁ አይሰማ።
ጎንበስ አልኩ።
"ዘገየሽ" አለኝ።
ይህን ቃል የትም አልጻፍኩትም። ካንቺ ጋር ይሂድ፣ ቦርሳው ውስጥ ጨምሪው።

መረብ ጠጋኝ ነበር እኮ፤ አሁንም ይጠግናል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ።
አንዴ መድኃኒት ስሞላ አየኝና፣ ቀና ብሎ፣ ፈገግታውን ደብቆ፣
"የኔም መርፌ ነው፣ ያንቺም መርፌ" አለ፤
"የኔው ግን ከኋላው ክር አለ።
ያንቺ ይወጋል፣ ይሄዳል።"
ሳቅን። መቶ ስድሳ ሁለቱን ደረጃ ስወርድ ግን
በያንዳንዱ ደረጃ ወጋኝ።

ከዚያ ወዲህ ባሥራ አራተኛው ቀን ባዶ እጄን እወጣለሁ፤
ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራለሁ፣ እወርዳለሁ።
ለዚህ ቅጹ ላይ ቦታ የለም።
"ምን ሠርተሽ መጣሽ?" ትለኛለች ኃላፊዋ።
"ታየሁ" እላታለሁ።
ምን ትጻፍ? ብዕሯን ይዛ ታየኛለች።

ዛሬ ጠዋት አብረን ስንወጣ አየሽው። እሱም አየሽ፣
ከጫማሽ ተነሥቶ እስከ ፀጉርሽ።
"ስንት ጊዜ ትቆያለሽ?"
እኔ ልዋሽልሽ አፌን ከፈትኩ፤
አንቺ ግን ቀደምሽኝ፣ ፊትሽ እየቀላ፤
"ውሌ አሥራ አንድ ወር ነው።"
ዝም አለ። በጣቱ ቆጠረ፣ ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኙ ዞረ፤
ጣቶቹ አልበቁትም፣ ከመረቡ ሁለት ዓይን ጨመረ።
"አሥራ ሁለት መርፌ" አለ።
ከዚያ መረቡን
ከወንበሩ ላይ አነሣልሽ።