የማታ ክፍል፣ ከዚራ

ከዚራ ነው ክፍሌ፤ ማታ ነው ትምህርቱ፣
ወበቁ ሳይለቀን፣ ሳይነፍስ ከደቻቱ።
ከኋላ ተቀምጧል ሙሴ ሮብሌ ዋይስ፣
አርባ ዓመት የፈጀ ፉርጎ ሲያድስ፣ ሲያድስ፤
ፈረንሳይኛው ጥሩ፣ ዘይት ዘይት የሚል፣
ከአለቆቹ ስድብ የለቀመው፣ ቃል በቃል።

ለምን እንግሊዝኛ? በሰባ አራት ዓመቱ?
«ያዲሱ ባቡር ላይ፣» አለኝ፣ «ትኬቱ፣
ጽሑፉ፣ ድምፅ ማጉያው... ፈረንሳይ የለበትም።
ሐዲድ ባለበት አገር፣ እንግዳ መሆን አልወድም።»

ዛሬ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፍኩኝ፤ «ጌት»።
ደብተሩን በማስመሪያ ከፈለው ለሁለት፦
በቀኝ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይ በግራው፣
ብሎኑን ከዳዶው ሊያጋጥም፣ እንደለመደው ሥራው።

«አገኘ ማለት ነው፣» አልኩት፤ ጻፈ፤ «ኦብትኒር»።
«ተቀበለም ይሆናል።» አሰበና ጻፈ፤ «ረሰቯር»።
«ከባቡር ወረደም፤ ተሳፈረም፤ ደረሰም...»
የግራው ዓምድ ሞላ፤ እርሳሱ አልደረሰም።
«አረጀም፣» ስለው ግን፣ ቀና ብሎ አየኝ፤
«ይህችው ቃል? እኔንስ በየት አወቀችኝ?
መሳፈር መውረዱ እንዴት ባንድ ይጠራል?
እንዲህ የሚናገር ጣቢያ፣ ስንት ሰው ይፈጃል!»

ነጃት ከፊት ሳቀች፤ «‹ጌታ› ሊል የጀመረ፣
መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮት፣ ‹ጌት› ብሎ የቀረ!»

ሙሴ ግን አልሳቀም።
እኔም መልስ አጠረኝ።

መብራቱ ሄደብን። በጨለማው መሐል
ድምፁ መጣ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ ይላል፦

«አንቺ ልጅ፣
ልጅ ሳለሁ ለገሀር፣ ‹ባቡር ገባ› ሲሉን፣
እንሮጥ ነበረ፣ ጥለን ጨዋታውን።
ፀሐይ ገባች፤ አባቴ ከዲፖው ቤት ገባ፤
ባቡሩ የቆመ ለት ዕዳ ገባን፤ ሆዳችን ባባ፤
አለቃ ቃል ገባልን፤ ሐዲዱ ውስጥ አረም ገባ።
በዚች ባንዲት ቃል ውስጥ ዕድሜዬን ስኖር፣
‹የትኛውን ነው?› ብዬ ጠይቄ አላውቅ ነበር።»

መብራቱ ሲመለስ አየሁት ደብተሩን፤
ሰርዞታል ሁሉን፣ ሙሉ ፈረንሳዩን።
በግራው ዓምድ መሐል፣ በአማርኛ፣
በተንጋደደ ፊደል፣
«ገባ»።

ግራ። ገባ።
ሳነበው ሳቄ መጣ፤
ባርኔጣውን አነሳ፣ ሳይስቅም ሳይቆጣ።
«ገባኝ፣» አለኝ ሙሴ።
«ገባኝ» ብሎኝ ወጣ።