ቁጥር እንጂ ስም የሌላቸው ካፖርቶች

በሞንቴቪዴዮም ሐምሌ ክረምት ነው፤
ነፋስ ከወንዙ አፍ ሽቅብ ሲነዳው
ሰው ሁሉ ካፖርቱን ከሣጥን ያወጣል፤
የዓምናውን እድፍ ወደኛ ያመጣል።
ላውንደሪ ነው ቤቱ፤ ሦስት ሰው፣ አንድ መተኮሻ፣
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የሁላችን ማስታወሻ።
ይህ ቁጥር የማን ነው፣ ያ ሱሪ የማን፣
ዕዳና ቀጠሮ፣ ሁሉን ለእርሱ ሰጥተን
እጃችን ብቻውን ሥራውን ያውቅ ነበር።
እኔ ነኝ የከፈትኩት። ይኸው፣ ልናገር።

«ያልተከፈለ ሒሳብ» ይላል ርእሱ፤
የሳሙና ሻጩ ስም አለበት፣ የራሱ፤
አርማው እንኳ የሱ። አንዲት ፊደል ብቻ
ቆማለች ተጣማ በአድራሻው ዳርቻ።
አላየሁም፣ ነካሁ። በር አልተሰበረ፣
መስተዋት አልረገፈ፣ ውሻም አልነበረ
የሚጮኽ። ማውሷ ጠቅ አለች፣ በቃ፤
ስክሪኑም ለአፍታ ዐይኑን ከድኖ ነቃ።
ሆዴ ጠርጥሮ ነበር፤ አፌ ግን ፈራ።
ዝም አልኩ። ሸሚዝ ተኮስኩ፣ ኮሌታ በተራ፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ። ስሕተቴ አይደለም፣
ያ ዝምታዬ ነው የነሳኝ ሰላም።

እኩለ ቀን ሲሆን ስክሪኑ ጠቆረ፤
በነጭ ፊደላት እንዲህ ሲል ጀመረ፦
«ፋይላችሁ ተቆልፏል። ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው።
ሦስት ቀን ሰጥተናል፤ ዋጋውም ይኸው።»
የሦስት ወር ገቢያችን! አነጋገሩ ግን
ጨዋ ነው፣ ያሳፍራል፤ «ውድ ደንበኛ» አለን።
ለዚች ለጉራንጉር ቤት ማን ይደክማል ብለን
ተኝተን ነበረ፤ መረብ የጣለ ግን
ሰርዲን ነች ብሎ አይምርም።

ዶኛ ኔሊዳ ቤንታንኩር፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
መነጽሯን ገፋች ወደ ላይ ከፊቷ፤
«ማን ከፈተ?» ብላ አልጠየቀችም፣
ገመዱን ነቀለች፣ ድምፅ አላሰማችም።
«እኔ...» አልኩ። «ዐወቅኩኝ፤ ጆሮሽ ቀልቷል» አለች፣
«መዝጊያ ያላበጀሁ እኔ ነኝ» ቀጠለች፤
«ጧት ነግረሽኝ ቢሆን በቅጠል በጠፋ፤
ፍርሃትሽ ነው ዛሬ እሳቱን ያሰፋ።
ለነገው ግን ስሚኝ፦ ቁጣዬን አትፍሪ፤
የተሳሳትሽ ዕለት ሮጠሽ ተናገሪ።»

አልከፈለችም። ለሌባ ቃል ማን ዋስ ይሆናል?
ፖሊስ ዘንድ ቅጽ ሞላን፤ «እንደውላለን» ተብሏል።
መቶ አርባ ካፖርት ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤
ወረፋውም ረዝሞ ደጅ ላይ ሲያጉረመርም
ኔሊዳ በመሐል ሄደች እየዳሰሰች፣
እጅጌ እያሸተተች፣ ኪስ እየፈተሸች፦
«ይህ ያልለቀቀ ወይን የዳኛው ኤቼጋራይ፣
በግራው ነው የሚጠጣው፤ እጅጌውን እይ።
ይህ የዓሣ ሽታ የኦስማር፣ የወደቡ፤
ይኸኛው የኢርማ፣ ከቀብሩ፣ ከዝናቡ።»
በሦስተኛው ቀን ላይ ዐሥራ ሁለት ቀሩ፤
ደንበኛም ሸሽቶናል፤ ባዶ ነበር ወሩ።

አሁን ዓርብ ማታ ትንሽ ዲስክ ነቅለን
በብስኩት ቆርቆሮ ቤቷ እንወስዳለን።
የይለፍ ቃላችን የድመቷ ስም ነበር፤
አሁን ረዥም ሐረግ ነው፣ ለድመቷም የማይነገር።
ሒሳብ በመጣ ቁጥር ሻጩን በስልክ ሳገኝ
«ዛሬም አላመንሽኝ?» እያለ ይስቅብኝ
ይዟል። ይሳቅ። እኔ አድራሻ እቆጥራለሁ፣
ፊደል በፊደል፣ እንደ ስፌት አያለሁ።

አንድ ካፖርት ቀርቷል፣ ግራጫ፣ ያለ ባለቤት፤
ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሰው ቢያውቀው በድንገት፣
ሰቅለነዋል። ትናንት ኔሊዳ ቆም ብላ፣
ከብልቃጥ ዘርግፋ አንድ ቁልፍ ነጥላ፣
ከደረቱ ሰፋች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤
«ቁልፉስ እኛ ዘንድ ነው» አለች።