ሁለት ነጥብ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ቂርያት ጋት፣ የሰፈሩ ማትናስ ቤት፣
ከኤርኮንዲሽኑ ሥር ባልዲ የተደገነበት
ሦስት ቁጥር ክፍል።
ክር ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ከሥራ ፈላጊ ወረፋ
ተመርጠን የመጣን ዘጠኝ ሴቶች፣
አንድ ወንድ፣ እሱም የሚያንቀላፋ።

ቪታሊ ነው መምህሩ። ዕብራይስጡ ሩስኛ ሩስኛ ይላል፤
የእኔም ጎንደር ጎንደር፤ ብቻ ተግባብተናል።
«ማውሱን ንቀሉት» አለ። ነቀልን።
ከዚያ አንድ ቁልፍ ነካ፣ ሥዕሉ ሁሉ ጠፋ፣
ጥቁር ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቀረን እንደተኮለኮልን።

ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ፣ ብልጭ ድርግም፣
ሥራ እንደፈታች መርፌ፤ ክር የላት፣ ጨርቅም።

«መጀመሪያ የት ነኝ ብላችሁ ጠይቁት።»
ሦስት ፊደል ነው። ጠየቅሁ።
«ቤት» አለኝ፤ ከቤትም ውስጥ «ኢላና»። ደነገጥሁ።
ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህች ጥያቄ
እንዲህ ባጭሩ የመለሰልኝ የለም፣ ስንት ቢሮ ጠይቄ።

ደስ ያለኝ፣ ከግራ ይነሣል፣ እንደ ፊደላችን።
ቃልና ቃል መሀል ግን ባዶ ቦታ ካልተውሽለት
«አላገኘሁትም» ይላል፤ አይቆጣም፣ «ነገ ነይ» የለበት።
ሲሳካለት ደግሞ ምንም አይልም፤ ዝም።
አባቴም እንዲሁ ነበር፣ ቀጥቃጭ፤
ማረሻው ሲያምርለት ዝም፣
ሲሰነጠቅበት ብቻ የሚያጉተመትም።

ከዕረፍት በኋላ ሌላ ትእዛዝ መጣች፣ ኤም እና ቪ፣
ፋይል ከቦታ ቦታ የምትወስድ።
«ስም ለመቀየርስ?» አለች ከኋላዬ ጠጄ።
«እሷው ናት» አለ። «ማዛወርና ስም መለወጥ
እዚህ አንድ ትእዛዝ ነው።»
ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ እጄ።

ይህንንስ ማንም አያስተምረኝ።
ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን፣ ግንባሬ ላይ ቁጥር፣
ስንወርድ ከጠረጴዛ ኋላ አንዲት ጸሐፊ።
«እማዋይሽ» አልኋት።
እስክሪብቶዋ አንድ አፍታ ቆመ፣
«ኢላና» ብላ ጻፈች።
ማንም ምንም አላለም፤ ዝም፣
እንደተሳካ ሥራ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ አሳየን፣ ጎን ለጎን የተኙ።
«ይሄ ወደ ወላጅ ይመልሳል፣ ወደ ላይ።»
እኛ ዘንድ ሁለት ነጥብ አንዱ ባንዱ ላይ ቆሞ
ቃልን ከቃል ይለይ ነበር፣ በቄሱ ኦሪት፣ ድሮ።
እዚህ ጋደም ብለው መንገድ ሆነዋል።
አንዴ ጻፍሁ፦ ከኢላና ወጣሁ። ደገምሁ፦ ከቤትም።
ሦስተኛ ብል ንቅንቅ የለም።
«ሥሩ ላይ ነሽ» አለኝ ቪታሊ።
ምን ዓይነት ዛፍ ነው፣ ሽቅብ ወጥተው ሥሩን የሚያገኙት?
እዚያው አቃፊ ልከፍት ብል
«አልተፈቀደልሽም» አለ። ወደ ቤት ተመለስሁ።

ሌሎቹ ቦርሳ ሲያነሡ፣ ቪታሊ ገመድ ሲጠቀልል፣
ኢላና ውስጥ አንድ አቃፊ ከፈትሁ፤ በፈረንጅ ፊደል፣
ሁለቴ ስቼ፣ ሁለቴ አጥፍቼ፦
እማዋይሽ።

ዝም አለ።

ባልዲውን ደፍቼ ወጣሁ።