የሚዛን እጅ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በፖስታ ቤት መስኮት፣
የሰው ዕቃ መዝና፣ ማህተም መትታበት፣
ጡረታ የወጣች ኤሉነድ ባልቴት፣
አንግልሲ ደሴት፣ ንፋስ በር በሚያንኳኳበት፣
ማሞቂያ ገዛች፣ በስልኳ መስታወት።

ሲመጣ ካርቶኑን በመዳፏ ያዘች፤
"ሦስት ኪሎ ይላል፤ ሩብ ይጎድላል" አለች።
ሚዛን አላወጣች፤ እጇን ነው ያመነች።

ዘጠኝ ሌሊት ሠራ። በአሥረኛው ማታ
የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ ላንድ አፍታ፤
ቀይ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሞተ በዝምታ።

ለሻጩ ጻፈች። መልሱ ቶሎ መጣ፣ ከሰው ያልወጣ፦
"ውድ ደንበኛችን፣ ይገባናል ሐዘንዎ፤
አሥር በመቶ እንመልስ፣ ዕቃው ይሁን የእርስዎ።"
ደግሞ በማግስቱ፦
"ውድ ደንበኛችን፣ ሳጥኑን ቀድደዋል፤
የመላኪያው ዋጋ እርስዎን ይመለከታል።"

ፈገግ አለች። ስንቱን እንዲህ ያለ ነገር
በመስኮቷ ሰምታ፣ ለስንቱ ስትመክር!
መነጽሯን ጠርጋ፣ በአንድ ጣት፣ በዝግታ፣
"ውድ" ሳትል ጻፈች፣ ነጥቧን በደንብ መትታ፦
"የገዛሁት ሙቀት፣ የላካችሁት ቆርቆሮ።
ዛሬ ቀን አሥራ ሁለት፤ ሕጉ ሠላሳ ሰጥቶኛል ቆጥሮ።
የተበላሸውን ሻጭ ይውሰድ በራሱ ኪሳራ፤
ገንዘቤን ሙሉውን፣ ከነሽራፊው ጋራ።"

ረቡዕ ዕለት መጣ ተላላኪው ጎረምሳ፣
ኢዋን፣ የጎረቤት ልጅ፤ ሳጥኑን ሲያነሳ
"ማን ይጠግነዋል? ይጥሉታል" አላት።
ከክርክሩ ሁሉ ይቺ ከነከነቻት።

ዓርብ ገንዘቡ ገባ። ቤቱ ግን ቀዝቃዛ ነው።
በካፖርት ተቀምጣ፣ መዳፏን ዘርግታ፣
የሌለውን ዕቃ ትመዝነዋለች፤
"ያ ሩብ ኪሎ ግን ምን ነበር?" እያለች።